ይድረስ ለማርሊን፦ ከብዙኃኑ እጅ ላልራቅሽው ሰዓት

ይድረስ ለተወደድሽው ማርሊን፣

ደብዳቤ ለዕቃ ሲጻፍ ከዕቃው ጀርባ ላሉት እጆችና ሐሳቦች ጭምር መሆኑ አይቀርም። እኔም ይህን የምጽፈው ለአንቺ፣ መልክሽን ለነደፉት፣ ለገጣጠሙሽ፣ ይልቁንም ዋጋሽን ለቆረጡት ሰዎች ነው። በጎ ሥራ ተሠርቶ እያዩ ዝም ማለት ውለታ ቢስነት ስለሚመስለኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልሽ ወደድኩ።

አንባቢ ያውቅሽ ዘንድ በመጀመሪያ ላስተዋውቅሽ። ታይሜክስ የተባለው የአሜሪካ ሰዓት አምራች እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ ያቀረበሽ የእጅ ሰዓት ነሽ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ1960ዎቹ በዚሁ ስም ይሸጡ ከነበሩት ሰዓቶች መልክሽን ወርሰሽ እንደገና ተሠራሽ። ስፋትሽ 34 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባትሪ የለሽም፤ የምትሞይው በጣት ነው። ቀን የሚያሳይ መስኮት አልተቆረጠብሽም፤ ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ትናገሪያለሽ፣ ሌላ አትጨምሪም። ብርማ ገጽሽን ጎበጥ ያለ የአክሪሊክ መስታወት ይሸፍነዋል። ስትወጪ የተጠየቀብሽ ዋጋ 199 ዶላር ነበር። ታይሜክስ ከ1982 ወዲህ ያለ ባትሪ የሚሠራ ሰዓት አላመረተም ነበርና፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ዝምታ በአንቺ ተሰበረ።

የማመሰግንሽ ስለ መልክሽ ብቻ አይደለም። የድሮ መልክ መቅዳት ብዙዎች የሚችሉት ነገር ነው። የአንቺ ቁም ነገር ከመልኩ ጋር የድሮውንም ቃል ኪዳን ይዘሽ መመለስሽ ነው። ያ ቃል ኪዳን ጥሩ ሰዓት የባለጸጋ ብቻ ንብረት አይሁን የሚል ነበር። ከየት እንደመጣ ለማሳየት የዘር ሐረግሽን ልቁጠር።

የዘርሽ መነሻ ናስ ነው። በአሜሪካዋ የኮኔቲከት ግዛት የምትገኘው ዋተርበሪ በናስ ሥራ የታወቀች ከተማ ነበረች። በ1854 እዚያ የተቋቋመው የዋተርበሪ የሰዓት ኩባንያ ከናስ በብዛት እየተቆረጡ የሚወጡ ጥርሶችን ተጠቅሞ የመካከለኛና የዝቅተኛ ኑሮ ሰው ሊገዛው የሚችለውን የቤት ሰዓት ይሠራ ጀመር። በ1896 ደግሞ ኢንገርሶል የተባሉት ወንድማማቾች ዋተርበሪ የሚሠራላቸውን "ያንኪ" የተሰኘ የኪስ ሰዓት በ1 ዶላር ለገበያ አቀረቡ። ገበሬው፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛው፣ ጋዜጣ አዟሪው በኪሱ ጊዜ ይዞ መሄድ የቻለው በዚህ ዓይነት ሰዓት ነው። በ1922 ዋተርበሪ ኢንገርሶልን ጠቅልሎ ገዛ። በ1933፣ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ስትማቅቅ፣ ሚኪ ማውስ የተሳለበትን የእጅ ሰዓት አወጣ፤ ኩባንያውንም ከውድቀት ያዳነው ይኸው የልጆች ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ፋብሪካው የመድፍ ጥይትና የቦምብ መቀጣጠያ ሰዓቶችን ወደ መሥራት ዞረ። ያን ጊዜ ኩባንያውን የያዙት አገራቸው በናዚ ጀርመን በመወረሯ የተሰደዱ ኖርዌያውያን ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ መሐንዲሱ ዮአኪም ሌምኩል ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በመቀጣጠያዎቹ ሥራ የተገኘውን ዕውቀት ለሰላም አዋሉት። ውድ ሰዓቶች የሩቢ ድንጋይ በሚጠቀሙበት ቦታ፣ አርማሎይ የተባለ ጠንካራ የብረት ቅይጥ ገባ። በዚህ ዘዴ በ1950 ታይሜክስ የሚለው ስም በሰዓት ገጽ ላይ ሲታይ፣ ዋጋው ከሰባት ዶላር ገደማ ይጀምር ነበር።

ጌጣጌጥ ቤቶች የእናቶችሽን ነገር አልወደዱትም፤ ትርፉ አነሰባቸው። ኩባንያውም ሌላ በር ፈለገ። ሰዓቶቹን በመድኃኒት መደብሮች፣ በሲጋራ መሸጫዎች፣ ሰው ሳሙናና ጋዜጣ በሚገዛበት መደርደሪያ ላይ ደረደራቸው። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ከሚሸጡ ሦስት ሰዓቶች አንዱ ታይሜክስ እስከ መሆን ደረሰ። እነዚያ እናቶችሽ እንከን አልነበራቸውም አልልም። ሲበላሹ ለመጠገን አስቸጋሪ ነበሩ፤ ብዙዎቹም ተጥለው ቀሩ። ነገር ግን ነርሷ የሕመምተኛዋን የልብ ምት የቆጠረችባቸው፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ከጣቢያ ጣቢያ የደረሰባቸው፣ ተማሪው ፈተና የተቀመጠባቸው እነሱ ናቸው። ጊዜን አውቆ መዋል የሰው ሁሉ መብት መሆኑን በአዋጅ ሳይሆን በዋጋ ያስመሰከሩ ስለሆኑ፣ ምስጋናዬ ከአንቺ አልፎ ለእነሱም ይድረስ።

ከዚያ የኳርትዝ ዘመን መጣ። የጃፓኑ ሴኮ አስትሮን የተባለውን በባትሪ የሚሠራ የኳርትዝ ሰዓት በዲሴምበር 25 ቀን 1969 በቶኪዮ ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ ዋጋው 450,000 የን ነበር፤ በዚያን ጊዜ ትንሽ መኪና ይገዛ ነበር። ዋጋው ግን ሳይውል ሳያድር ወደቀ። በስዊዘርላንድ በ1970 ወደ 90,000 ገደማ የነበሩት የሰዓት ሠራተኞች በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ30,000 ብዙም አልበለጡም። ለትውልድ የቆዩ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ማሽኖች እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። ያንቺም ቤት ቢሆን የጥርስና የሞላ ሥራውን አቆመ።

ኳርትዝን የማማት ሐሳብ የለኝም። በወር ከአሥራ አምስት ሰከንድ ገደማ በላይ የማይዛነፍ ሰዓት ለድሃው አድርሷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ትክክለኛነት ሲረክስ ሌላ ነገር ተወደደ። ባትሪ የሌለበት ሰዓት በአብዛኛው ከዕለት መገልገያነት ወጥቶ የሀብት ምልክት ሆነ። የጥርስና የሞላ ጥበብ፣ አያቶቻችን በእጃቸው አስረው የኖሩት፣ መስታወት ቤት ገብቶ ተቆለፈ። የብዙዎቹም ዋጋ ከደሞዝተኛው አቅም በላይ ወጣ። ልጅ ሆኜ ጀርባው በተከፈተ ሰዓት ውስጥ አንዲት መንኮራኩር ስትወዛወዝ አይቼ ተደንቄ ነበር። አድጌ እንዲህ ያለ ሰዓት ልግዛ ብዬ ስጠይቅ የተነገረኝ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ለዚህ ነው መምጣትሽ ለእኔና ለመሰሎቼ ከፋሽን ዜና የበለጠ ትርጉም የነበረው።

ብቻሽን አልመጣሽም፤ እህቶች አሉሽ። ቲሶ የተባለው ሰዓት ሠሪ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1953 ያወጣውን ቪዞዴት የተባለ ሰዓት በ2010 በድሮው አርማ መልሶ ሠርቶታል። ሌላው ሰዓት ሠሪ ሃሚልተን ኢንትራማቲክ የተባለውን ሰዓቱን በ2012 ከ1960ዎቹ አስነሥቷል። የጃፓኑ ኦሪየንት፣ በ1950 የተመሠረተው፣ ባምቢኖ በተባለው ሰዓቱ የዚያን ዘመን ጎባጣ መስታወትና ቀጭን ዘንግ በተራ ደሞዝ ሊገዛ በሚችል ዋጋ አቅርቧል፤ ውስጡንም የሚሠራው ራሱ ነው። ሁሉም ባለውለታዎች ናቸው። በአንቺ ግን ዓላማው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ ምክንያቱም ያኔም ሆነ ዛሬ የተሠራሽው ለተራው ሰው ነው። አንዳንድ ትልልቅ ስሞች ታሪካቸውን ሲያነሡ ታሪኩ ራሱ ዋጋ መጨመሪያ ይሆናል። አንቺ ታሪክሽን ይዘሽ ስትመጪ ግን በሩን ከፍተሽ ነው የመጣሽው። 199 ዶላር ለሁሉም ቀላል ገንዘብ አለመሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ቆጥቦ የሚደረስበት ዋጋ ነው፤ ቆጥቦ በሚደረስበትና ዕድሜ ልክ ቢቆጥቡ በማይደረስበት መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ሰፊ ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስላስተማርሽኝ ነው። ጠዋት መሙያሽን በሁለት ጣቶቼ ሳሽከረክር በውስጥሽ ምን እንደሚሆን አሁን አውቃለሁ። ረጅም ስስ ብረት፣ ማለትም ሞላው፣ በናስ ከበሮ ውስጥ ይጠመጠማል። ሞላው መፈታት ይፈልጋል፤ ጉልበቱም በጥርሶች እየተላለፈ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ይለወጣል። ዝም ብሎ ቢለቀቅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተፈትቶ ያልቅ ነበር። እንዳያልቅ የምትይዘው ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ አንዲት መንኮራኩር ናት። ከመንኮራኩሯ ጋር የተያያዘው ከፀጉር የማይወፍር ጥቅል ሽቦ ሄዳ እንድትመለስ ያደርጋታል፤ በሄደችና በተመለሰች ቁጥር አንዲት ሹካ መሳይ ብረት ከጥርሱ አንዱን ትለቃለች፣ ቀጣዩን ትይዛለች። ጆሮዬን ሳስጠጋ የምሰማው ያን መልቀቅና መያዝ ነው።

ይህን በጥቅል ሽቦ የሚመለስ መንኮራኩር ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ ለዓለም ያስተዋወቀው በ1675 ነው። የፋሲል ግንብ ቆሞ በነበረበት፣ ጎንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን የተጠነሰሰ ሐሳብ ዛሬም በእጄ ላይ ይሠራል። በመዘውሮቹ ጫፍ የሚቀመጠው ሩቢም የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ኦግስት ቬርኔይ ሩቢን በእሳት ነበልባል የመሥራት ዘዴውን በ1902 ይፋ ካደረገ በኋላ፣ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ ውድ ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ ማንኛውም ሰዓት ሊይዘው የሚችል ዕቃ ሆነ። በእህትሽ በባምቢኖ ውስጥ 22 እንደዚህ ያሉ ድንጋዮች አሉ፤ መንኮራኩሯም በሰዓት 21,600 ጊዜ ትመታለች፤ በሰከንድ ስድስት ማለት ነው። ያንቺ ልብ የተሠራው በቻይና ነው፤ ይህን የማነሣው ለማቃለል አይደለም። ቻይና የመጀመሪያ የእጅ ሰዓቷን በቲያንጂን በ1955 ከሠራች ወዲህ፣ ሌሎች ፋብሪካዎቻቸውን በሚዘጉበት ዘመን እንኳ ይህን ሥራ አልተወችውም። እነዚያ እጆች ባይተጉ ኖሮ አንቺን በዚህ ዋጋ ማግኘት አይቻልም ነበር። ለእነሱም እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

በቀን ጥቂት ሰከንዶች ትቀድሚያለሽ ወይም ትዘገያለሽ። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ስልኬ ከኔትወርክ ጋር ተነጋግሮ ትክክለኛውን ይነግረኛል፤ እንዴት እንደሚያውቀው ግን አላየውም፣ አልዳስሰውም። አንቺን ግን ከመነሻሽ እስከ መድረሻሽ ልረዳሽ እችላለሁ። የምንጠቀምበትን ነገር አሠራር መረዳት በዘመናችን ብርቅ ሆኗል፤ በልጆቼ ፊት ከፍቼ "ይኸው፣ ጉልበቱ ከዚህ ተነሥቶ እዚህ ይደርሳል" ብዬ ላሳይ የምችለው ዕቃ ቤቴ ውስጥ ብዙ የለም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ልክሽ ነው። በዘመንሽ የእጅ ሰዓት ሁሉ እየወፈረ፣ 42 እና 44 ሚሊ ሜትር እያለ ሲያድግ፣ አንቺ በ34 ቆምሽ። ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ገብተሽ ትቀመጫለሽ፤ በሱፍ ልብስም ላይ ሆነ በአገር ልብስ ላይ አትጮሂም። እንደ እኔ አንጓው ለቀጠነ ሰው ትሆኛለሽ። ባለቤቴም አልፎ አልፎ ታደርግሻለች፤ ያምርባታል። የወንድ ነሽ የሴት ማለት አያስፈልግም። መስታወትሽ አክሪሊክ ስለሆነ ይጫራል፤ ነገር ግን ጭረቱ በማለስለሻ ቅባትና በለስላሳ ጨርቅ በቤት ውስጥ ይጠፋል። ለዋና አልተሠራሽም፣ ከባድ ሥራም አይስማማሽም። የተሠራሽበትን ታውቂያለሽ፤ እኔም የማላዝዝሽን አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ለእኛ ለሐበሾች ብቻ የሚገባ አንድ ጉዳይ ላንሣ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ፈረንጆቹ ከእኩለ ሌሊት። ልዩነቱ ስድስት ነው። ይህ ልዩነት በቁጥር ብቻ በሚጽፍ ሰዓት ላይ ስሌት ይጠይቃል፤ በክብ ገጽ ላይ ግን ልክ ፊት ለፊት ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር በተሞላ ሰዓት ላይ አጭሩ ዘንግ 7 ላይ ሲያርፍ፣ ዓይናችን ትይዩ ካለው 1 ላይ ያርፍና ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እንላለን። ትምህርት ቤት ሳንገባ የተማርነው ንባብ ነው።

እኔ የምኖረው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው፤ እናቴ ያለችው አዲስ አበባ። እዚህ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያምራል። ከመጋቢት መባቻ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ የአሜሪካ ሰዓት በሚገፋባቸው ወራት፣ በእኛ አቆጣጠር የአዲስ አበባ ሰዓት ከዘንግሽ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀድማል። አጭሩ ዘንግሽ ጠዋት 8 ላይ ሲሆን እናቴ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በቀሩት ወራት ሁለት ቁጥር ይቀድማል፤ 8 ሲል እዚያ 10 ነው። ሁለት አገር የሚያሳይ ውድ ሰዓት ሳያስፈልገኝ፣ አንድ ዘንግ አይቼ እናቴ ቡና ላይ ትሁን ወይስ ተኝታ አውቃለሁ። የነደፉሽ ሰዎች ይህን አላሰቡትም፤ ክብ ገጽሽን ንጹሕ አድርገው፣ ቁጥሮችሽን በግልጽ አስቀምጠው ስለተዉሽ ግን ለእኛም ሆንሽልን።

በአገራችን የእጅ ሰዓት የምረቃና የሠርግ ስጦታ ሆኖ ኖሯል። ብዙ ቤት ውስጥ ከአባት የተወረሰ ሴኮ ወይም ኦሪየንት በመሳቢያ ተቀምጦ ይገኛል። በፒያሳና በመርካቶ ጥግ ላይ በጠባብ ጠረጴዛ፣ አጉሊ መነጽር በአንድ ዓይናቸው ሰክተው የሚሠሩ ሰዓት ጠጋኞች አሉ። ዛሬ ከሥራቸው ብዙው ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ መተካት ሆኗል፤ ሞላና ጥርስ የሚያውቁት ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ሙያው የሚቆየው ሥራ ሲመጣለት ነው። አንቺን የመሰሉ ሰዓቶች በወጣቶች እጅ ሲበዙ የእነዚህ ባለሙያዎች ዕውቀት ተፈላጊ ይሆናል፤ የሚማረውም ይገኛል። ስለዚህም አመሰግንሻለሁ።

በመጨረሻ የምናገረው ስለ ክብር ነው። በሠርጋችንም በስብሰባችንም፣ አዲስ አበባ ይሁን ዲሲ ወይም ዱባይ፣ የታላላቅ ስሞች ፎርጅድ የታሰረባቸው እጆች ብዙ አያለሁ። የሚያደርጉትን ሰዎች አልነቅፍም፤ ሰው ደምቆ መታየት መውደዱ የተፈጥሮ ነው። ነገር ግን ለእነዚህ ወንድሞችና እህቶች ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየሽው አንቺ ነሽ። ስምሽ የራስሽ ነው፤ መልክሽን የወረስሽው ከገዛ እናቶችሽ ነው፤ ዋጋሽን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ያለ ሐፍረት ይነገረዋል። በእውነተኛ ስሙ የሚጠራ ትንሽ ዕቃ በተዋሰ ስም ከሚጠራ ትልቅ ዕቃ ይበልጣል፤ ያደረገውንም ሰው ያስከብራል።

ስለዚህ፣ ማርሊን፣ ስለ ዋጋሽ፣ ስለ ልክሽና ስላስተማርሽኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ለሠሩሽም አንድ ልመና አለኝ፤ ዝና ሲበዛ ዋጋ ማናርን ተጠንቀቁ፣ መለዋወጫውንም አታጥፉ። አንባቢዬ ሆይ፣ ለአንተም ለአንቺም ይህን እላለሁ፦ ልጅ ሲመረቅ ወይም ወንድም ሲሞሸር ስጦታ ስትፈልጉ፣ ቆጥባችሁ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራ፣ በጣት የሚሞላ አንድ ሰዓት ግዙ። መሳቢያ ውስጥ የአባት ሰዓት ካላችሁም ነገ ወደ ሰዓት ጠጋኙ ውሰዱት፤ ሙያውን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

አክባሪሽ